አር50 ወይስ ዜድቪ-ኢ10? የሰው ፎቶ ለምትጀምር እህት የሰጠሁት መልስ

ሰላም እህቴ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ምክንያቱም ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ብጽፍልሽ ያው "እንደ ፍላጎትሽ ነው" ከማለት አያልፍም፣ እሱ ደሞ ምንም አይጠቅምሽም። ያልሽው ባጭሩ ይሄ ነው፤ የሰው ፎቶ ልትጀምሪ ነው፣ ልደት፣ ምረቃ፣ ቤት ውስጥ የሕፃናት ፎቶ፣ አልፎ አልፎ ቪዲዮ። ያጠራቀምሽው ገንዘብ አንድ ካሜራ ከነኪት ሌንሱ (አብሮት ከሚሸጠው ሌንስ ጋር) እና ከሱ ሌላ አንድ ሌንስ ይገዛል፣ ከዛ በላይ የለም። ካኖን አር50 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 መሀል ቆመሻል፣ ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ስለሆኑ ልዩነታቸው አልታየሽም፣ ጓደኛሽ ደሞ እሷ ሶኒ ስላላት ሶኒ ግዢ እያለችሽ ነው።

ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፣ ላንቺ አር50 ነው የምለው። ዋናው ምክንያቴም አንድ ነው፣ አር50 ላይ ዓይንሽን አስጠግተሽ የምታይበት ቪውፋይንደር አለ፣ ዜድቪ-ኢ10 ላይ የለም። ሲሰማ ትንሽ ነገር ይመስላል አውቃለሁ፣ በስልክ ፎቶ ሲያነሳ ለኖረ ሰው በተለይ፣ ስክሪን እያየን አይደል እንዴ ስናነሳ የኖርነው። ግን አንድ ነገር ላጫውትሽ።

የሆነ ጊዜ ቪውፋይንደር የሌለው ካሜራ ይዤ ምረቃ ሄድኩ። ቀትር ላይ ነው፣ ፀሐዩ አናት ላይ፣ ተመራቂዋ ጥቁር ጋውን ለብሳ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማለች። ስክሪኑን ሳየው የሚታየኝ የራሴ ፊትና ሰማዩ ነው። ብራይትነሱን እስከ ጥግ አደረስኩት፣ ምንም። በግራ እጄ ጥላ ልሥራለት ስል ደሞ ካሜራው በአንድ እጅ ቀረና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፎከሱ ፊቷ ላይ ይሆናል ብዬ አሥራ አምስት የሚሆን ፎቶ አነሳሁ፣ ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳየው ግማሾቹ ላይ ጥርት ብሎ የወጣው ከቆቧ ላይ የተንጠለጠለው ክር ነው፣ ዓይኗ ደብዝዟል፣ ነጩ ግድግዳ ደሞ ተቃጥሏል። ልጅቷን ተመለሺና ደግመሽ ተመረቂ አይባል ነገር። ከዛ ቀን ጀምሮ ለሰው ፎቶ ካሜራ ሲጠይቀኝ ማንም ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ "ውጪ፣ ቀን ላይ ታነሺያለሽ ወይ" የሚል ነው። አንቺ ታነሺያለሽ፣ ምረቃ ብለሻል።

አር50 ላይ ያለው ቪውፋይንደር 2.36 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ነው፣ ትልቅ ነው አልልሽም፣ መነጽር የምታደርጊ ከሆነ ጥጋጥጉን ለማየት ትንሽ ያስቸግርሻል። ግን ፀሐይ አይገባበትም። ሌላው ሰው የማይናገረው ጥቅሙ ደሞ አያያዙ ነው፤ ካሜራውን ቅንድብሽ ላይ አስጠግተሽ ክርንሽን ጎንሽ ላይ ስታሳርፊው ሦስት ቦታ ላይ ተደገፈ ማለት ነው፣ እጅን ዘርግቶ ስክሪን እያዩ ከማንሳት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ይሄ ነገር ለሁለቱም ካሜራ አስፈላጊ የሚሆነው ሁለቱም ቦዲያቸው (ያለ ሌንሱ ካሜራው ራሱ) ውስጥ ሴንሰሩን፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል፣ የሚያረጋጋ ሲስተም ስለሌላቸው ነው፣ መንቀጥቀጥ የሚከላከልልሽ ወይ ሌንሱ ነው ወይ የራስሽ እጅ።

አሁን ስለ ሜጋፒክስሉ። 24 ሜጋፒክስል ማለት በወርድ 6000 በቁመት 4000 ነጥብ ነው፣ በጥሩ የህትመት ጥራት (በኢንች 300 ነጥብ) ብታሳትሚው 50 ሴንቲሜትር በ34 ያህል ይወጣልሻል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሁለቱን ማወዳደር ጊዜ ማጥፋት ነው። ሴንሰራቸውም ሁለቱም ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው መጠን ነው፣ የሶኒው 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር፣ የካኖኑ 22.3 በ14.9፣ በስፋት ሶኒው አሥር በመቶ ያህል ይበልጣል እንጂ ፎቶ ላይ ይሄ የካኖን ይሄ የሶኒ ነው ብለሽ የምትለዪው አይደለም። እኔ ራሴ ሁለቱን ቀላቅለሽ ብታመጪልኝ አልለይም።

አውቶፎከስ (ካሜራው ራሱ ፎከስ የሚይዝበት) ላይ ልዩነት አለ፣ የእድሜ ልዩነት ነው። ዜድቪ-ኢ10 የወጣው በፈረንጆቹ 2021 ላይ ነው፣ አር50 ደሞ 2023 መጀመሪያ ላይ። የሶኒው የሰው ዓይን ፈልጎ መያዝ ላይ በጣም ጎበዝ ነው፣ 425 የፎከስ ነጥብ አለው፣ ቆሞ ለሚነሳ ሰው ምንም አይጎድለውም። የካኖኑ ግን ሰው፣ እንስሳ፣ መኪና እያለ ይለያል፣ ሕፃን ልጅ ዞር ሲል፣ ፊቱን ሲደፋ፣ ከጠረጴዛ ስር ሲገባ ሲወጣ ጭንቅላቱን እየተከተለ ቆይቶ ዓይኑ ሲመለስ ይይዘዋል። ሕፃናት የምታነሺ ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጅ "አትንቀሳቀስ" ሲባል ያው የሚያደርገውን ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ አር50 ተከታታይ ፎቶ ሲያነሳ በሰከንድ 12 ያነሳል፣ ራው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አድርገሽ ከሆነ ግን ቶሎ ሞልቶበት ይቆማል፣ ስለዚህ ጣትሽን ቁልፉ ላይ ተጭነሽ አትርሺው፣ አጠር አጠር አድርገሽ አንሺ።

ወደ ሌንስ ልምጣ፣ ምክንያቱም ውጪ ላይ ቪውፋይንደሩ ቢረዳሽም ቤት ውስጥ የሚያድንሽ ሌንሱ ነው፣ ጥያቄሽ ላይ ደሞ ስለሱ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው።

የልደት ሻማ የሚጠፋበትን ሰዓት አስቢው። መብራት ጠፍቷል፣ ያለው ብርሃን የሻማው ብቻ ነው፣ ልጁ ጉንጩን ነፍቶ ጎንበስ ብሏል፣ አንቺ ያለሽ ጊዜ ሁለት ሰከንድ። ከአር50 ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ 18-45 ነው፣ ዙሙን እስከ 45 ስትስቢው ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ነው የሚነግርሽ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። እዛ ላይ ካሜራው አይኤስኦውን (ብርሃን ሲያንስ ምስሉን የሚያደምቅበትን መጠን) 6400 ወስዶ ነበር እንበል። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ቢሆን የሚያስገባው ብርሃን 12 እጥፍ ያህል ነው፣ በዛው የሻተር (ብርሃኑን ለአፍታ የሚያስገባው መጋረጃ) ፍጥነት አይኤስኦው ወደ 500 አካባቢ ይወርዳል ማለት ነው። 6400 ላይ ያለው ፎቶ የልጁ ጉንጭ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፣ 500 ላይ ያለው ንጹህ ነው። ይሄን ልዩነት የትኛውም የቦዲ ለውጥ አያመጣልሽም፣ ከአር50 ወደ ዜድቪ-ኢ10 ወይ ከዛ ወዲህ ብትቀይሪ አታገኚውም። የሶኒው ኪት 16-50 ትንሽ ይሻላል፣ ጫፉ ላይ ኤፍ 5.6 ነው፣ ያም ቢሆን ከ1.8 ጋር ሲተያይ አሥር እጥፍ ያህል ይቀረዋል።

የሌንስ ስታቢላይዘር ይረዳኛል ብለሽ ደሞ እንዳትሸወጂ። እሱ ያንቺን እጅ መንቀጥቀጥ ነው የሚያረጋጋው፣ የልጁን መንቀሳቀስ አያቆምም። ለሚንቀሳቀስ ልጅ ሻተርሽ ከ1/125 ሰከንድ ባይወርድ ጥሩ ነው፣ የሚሯሯጥ ከሆነ 1/250 ወይ ከዛ በላይ።

ታዲያ የትኛውን ሌንስ? ብዙ ሰው "50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግዢ" ይልሻል፣ እኔም ለፊት ፎቶ እወደዋለሁ፣ አር50 ላይ ሲገባ በ1.6 ተባዝቶ እንደ 80 ሚሊሜትር ነው የሚያሳየው፣ ፊት አይለጥጥም፣ ጀርባውን ደሞ ደስ በሚል ሁኔታ ያደበዝዘዋል። ግን ቤት ውስጥ ችግር አለው። ካሜራውን በቁም ይዘሽ አንድን ትልቅ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ልታነሺ ብትፈልጊ ወደ 4 ሜትር ተኩል መራቅ አለብሽ፣ ብዙ ክፍል ውስጥ እሱን ያህል ስትርቂ ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል። 30 ሚሊሜትር ከሆነ ግን 2 ሜትር ከ70 ይበቃሻል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ሜትር ያዢና ብዙ ጊዜ የምታነሺበትን ክፍል ለኪው፣ የምሬን ነው፣ ኪት ሌንሱንም ይዘሽ ዙሙን 30 ላይ አድርገሽ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነኪው አንሺ፣ ቀጥሎ ደሞ ጫፉ ላይ 45 አድርጊና እንደዛው ሞክሪ፣ የቱ ላይ እንደተመቸሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ። የሚገዛውን ሌንስ ካሜራው ከገባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትወስኚ ምንም አይጎዳሽም። እኔ እንደው ገምት ብትይኝ ቤት ውስጥ ሕፃናት ስላልሽ የሲግማው 30 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ላይ የምትደርሺ ይመስለኛል፣ ለሁለቱም ማውንት (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት) አለ።

ስለ ማውንት ካነሳን አይቀር፣ እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ሶኒ ያሸንፋል። የሶኒ ኢ ማውንት በፈረንጆቹ 2010 ላይ ነው የተጀመረው፣ ሌሎች ሌንስ ሰሪዎችም ሲሠሩለት ነው የቆዩት፣ ስለዚህ አዲስም ያገለገለም ሌንስ ከየትኛውም አቅም ጋር የሚሄድ ታገኛለሽ። የካኖን አርኤፍ ማውንት 2018 ላይ ነው የመጣው፣ ለኤፒኤስ-ሲ ካሜራዎቹ ሲግማና ታምሮን አውቶፎከስ ያለው ሌንስ እንደሚሠሩለት የተነገረውም 2024 ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ለአር50 ደማቅ (ብዙ ብርሃን የሚያስገባ) ሌንስ መፈለግ ያንገበግብ ነበር። አሁን ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8፣ 30 ኤፍ 1.4፣ 56 ኤፍ 1.4 ሁሉ ስላሉት ያ ስጋት ለጀማሪ ተነስቷል ብዬ ነው የማስበው። ሌላ መንገድም አለ፣ ካኖን ራሱ የሚሠራው አዳፕተር አለ፣ ከ1987 ጀምሮ ለወጡት የኢኤፍ ሌንሶች፣ አውቶፎከሳቸው ሳይቋረጥ አር50 ላይ ይሠራሉ። ቤተሰብ ውስጥ የድሮ ካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) የነበረው ሰው ካለ ሌንሱን ጠይቂው፣ ሳጥን ውስጥ አቧራ እየጠጣ ያለ 50 ኤፍ 1.8 ብዙ ሰው ቤት ይገኛል።

አሁን አር50 ላይ የማልወድለትን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ገዝተሽ ከመጣሽ በኋላ "ለምን አልነገርከኝም" እንድትዪኝ አልፈልግም። ዋነኛው ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ነው። አር50 አናቱ ላይ ያለው መሰኪያ አዲሱ ዓይነት ብቻ ነው፣ የድሮዎቹ ፍላሾች የሚገናኙባቸው ነጥቦች የሉትም። ከጓደኛሽ ፍላሽ ተውሰሽ ወይ ያገለገለ ገዝተሽ ብትሰኪው ዝም ነው የሚልሽ። ኤዲ-ኢ1 የሚባል የካኖን አዳፕተር ከስር ገብቶ ነው የሚሠራው፣ ለፍላሽ ማስነሻ ትሪገሮችም እንደዛው። የቤት ውስጥ ፕሮግራም ማንሳት ከጀመርሽ ፍላሽ መፈለግሽ አይቀርም፣ ስለዚህ የአዳፕተሩን ዋጋ ከአሁኑ ሂሳብሽ ውስጥ አስገቢው። አናቱ ላይ ብቅ የምትል ትንሽ ፍላሽ አለችው፣ ለቅርብ ፊት ታግዛለች፣ ከዛ በላይ አትጠብቂባት። ዜድቪ-ኢ10 ደሞ በተቃራኒው ትንሿ ፍላሽ የለውም ግን መሰኪያው የተለመደው ስለሆነ ፍላሽ በቀጥታ ይቀበላል።

ሁለተኛው ሻተሩ ነው። አር50 የፊተኛው መጋረጃ ኤሌክትሮኒክ ነው፣ የኋለኛው ብቻ ነው ሜካኒካል። ብዙ ጊዜ አታስተውዪውም። ግን ፀሐይ ላይ ኤፍ 1.4 ወይ 1.8 ከፍተሽ በጣም በፈጣን ሻተር፣ 1/2000 ወይ 1/4000 ብታነሺ ከጀርባ ያሉት ድብዝዝ የብርሃን ክቦች ጎናቸው የተቆረጠ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። እንደዛ ሲሆን ሻተሩን ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ሙሉ ኤሌክትሮኒክ አድርጊው ወይም ኤፉን ወደ 2.8 መልሺና ሻተሩን አውርጂው። ቤት ውስጥ ኤልኢዲ መብራት ስር ስትገቢ ደሞ ወደነበረበት መልሺው፣ ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚያነበው፣ መብራቱ ደሞ እኛ ባናየውም ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፎቶሽ ላይ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር እየተጋደመ ይወጣል። ይሄ ለሁለቱም ካሜራ ነው፣ "ድምፅ የሌለው" የሚለውን ሞድ ፕሮግራም ላይ ከማብራትሽ በፊት መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስተሽ አጉልተሽ እዪ።

ቪዲዮ ላይ ፍርዴ ይገለበጣል። "አልፎ አልፎ" ስላልሽ ነው እንጂ ዋና ሥራዬ ቪዲዮ ነው ብትይኝ ዜድቪ-ኢ10ን ነበር የምልሽ። ድምፁን እየሰማሽ የምትቀጂበት የሄድፎን ቀዳዳ አለው፣ አር50 የለውም፣ ማይክ መሰኪያ ሁለቱም አላቸው። ማይክ ሳይገባ ቀርቶ ወይ ባትሪው አልቆ ግማሽ ሰዓት ንግግር ያለ ድምፅ የቀዳ ሰው የሄድፎን ቀዳዳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በምስል ግን አር50 ጠንካራ ነው፣ 4ኬ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀዳ የሴንሰሩን ሙሉ ወርድ ይጠቀማል፣ ሶኒው 30 ላይ ሲሆን ጎኑን ይቆርጣል (24 ወይ 25 ላይ ካደረግሽው ሙሉ ነው)። ካኖኑ አንዱን ፋይል በተለመደው ቅጂ አንድ ሰዓት ላይ ያቆማል፣ ሶኒው እንደዛ ዓይነት ገደብ የለውም ግን 4ኬ ረጅም ስትቀጂ ይሞቃል፣ ሴቲንጉ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋበትን ደረጃ "ሃይ" ማድረግ እንዳትረሺ። ቤት ውስጥ ስትቀጂ ምስሉ የሚርገበገብ ከሆነ ሻተሩን ከመብራቱ ጋር አስታርቂው፣ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ 1/50 ወይ 1/100፣ 60 በሆነበት 1/60 ወይ 1/120።

ስትገዢ ስሙን በደንብ አንብቢ። ዜድቪ-ኢ10 ሁለተኛው የሚባል አለ፣ 2024 የወጣ፣ ባትሪው ትልቅ ነው ግን ሜካኒካል ሻተር የለውም፣ ለፎቶ ሰው ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። አር50 ቪ የሚባልም አለ፣ 2025 ላይ የመጣ፣ እሱ ለቪዲዮ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ቪውፋይንደሩን አውጥተውታል። እኔ እዚህ ሁሉ የለፋሁት ስለ ቪውፋይንደር ነውና "ያው አር50 ነው" ብሎ ቪ ያለበትን የሚሰጥሽ ሰው ካለ አትቀበዪው።

ካርድ ላይ ገንዘብሽን አታባክኚ። ሁለቱም አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚወስዱት፣ መሰኪያቸውም ዩኤችኤስ አንድ በሚባለው የፍጥነት ደረጃ ስለሆነ የዩኤችኤስ ሁለት ካርድ ፍጥነቱን አያወጣበትም። ቪ30 የተጻፈበት ካርድ ቢያንስ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ይጽፋል፣ ማለትም 240 ሜጋቢት፣ የአር50 4ኬ ደሞ 120 ነው የሚፈልገው፣ ከበቂ በላይ ነው። ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ ካርድ ይሻላል፣ አንዱ ቢበላሽ የልደቱ ግማሽ ይተርፋል፣ ሁለተኛ ቅጂ የሚያስቀምጥ ሌላ መሰኪያ ስለሌለ ያነሳሽውን በዛው ማታ ኮምፒውተር ላይ ገልብጪ፣ ሳትገለብጪ ካርዱን ፎርማት አታድርጊ። ባትሪ በየትኛውም በኩል ሁለት ያዢ፣ ሁለቱም ትንሽ ባትሪ ነው የሚጠቀሙት።

አንድ የቀረኝ ነገር ጓደኛሽ ናት። ምን ሌንስ እንዳላት አልነገርሽኝም። እሷ ጋ እንደ ሲግማ 30 ኤፍ 1.4 ወይ ታምሮን 17-70 ኤፍ 2.8 ያለ ነገር ካለና አምናሽ የምታውስሽ ከሆነ፣ ፕሮግራም ላይም አብራችሁ የምትወጡ ከሆነ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ሌንስ ሳትገዢ ደማቅ ሌንስ ላይ ትሠሪያለሽ ማለት ነው፣ ያ ከሆነ ሶኒ ግዢ እልሻለሁ፣ ቦዲውን ግን ዜድቪ-ኢ10 ሳይሆን ቪውፋይንደር ያለውን ኤ6400ን ያገለገለ ፈልጊ፣ 2019 የወጣ ነው፣ አውቶፎከሱም ያው 425 ነጥብ ያለው ነው፣ ሌንሶቹም ያው ናቸው። ብቻዋን የምትሠራ ከሆነች ወይ ያላት ኪት ሌንስ ብቻ ከሆነ ግን አር50ን ያዢ። ጠይቂያትና ምን እንዳለች ጻፊልኝ፣ የክፍልሽንም ልኬት አብረሽ ላኪልኝ፣ ሌንሱን አብረን እንመርጣለን።